ነጭ ጋዋን በካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የምትባለውን ትንሽ ከተማ በስም የምታውቋት ካላችሁ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የካቶሊካውያኑ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2016፣ በእነርሱ አቆጣጠር በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ በዚህች ከተማ ወደነበረው የጥገኝነት ጠያቂዎች ጣቢያ መጥተው የስደተኞችን እግር አጥበው የሳሙበት ቀን ነው። እግራቸው ከታጠበላቸው መካከል ሦስት ኤርትራውያን የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ሴቶች ነበሩ፤ ከማሊ፣ ከፓኪስታንና ከሶርያ የመጡ ሙስሊሞችም ነበሩ። ሁለተኛው ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2019 የሆነው ነው። ጣቢያው እንዲዘጋ ታዘዘና ከ500 በላይ ነዋሪዎቹ በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ሕፃናት ከትምህርት ገበታቸው ተነሡ። የከተማው ከንቲባ አንዲት ሶማሊያዊት ወጣት ወደ ገዛ ቤታቸው ወስደው አስጠጉ። ሰው እግሩ በታጠበበት ደጅ ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ይዞ ሲወጣ ያየነው እኛ ነን።

ከዚያ ጣቢያ ያለፍን፣ ከተዘጋም በኋላ ከአካባቢው ርቀን መሄድ ያልሆነልን ጥቂት ኢትዮጵያውያን ዛሬም እዚሁ እንኖራለን። ጣቢያው ከከተማው ራቅ ብሎ በቲቤር ሸለቆ፣ ከመጋዘኖችና ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ነበር። አሁን የምንኖረው ላይ ነው፤ ጥንታዊው ግንብ ካለበት ኮረብታ አቅራቢያ፣ ስድስት ሆነን በተከራየነው ቤት። ኪራዩ ከሮም ይቀንሳል። ባቡሩ ግን የዕድሜያችንን እኩሌታ ወስዷል ብንል ማጋነን አይሆንም። ከፍላሚኒዮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቪቴርቦ የሚያመራው ይህ አሮጌ ባቡር ሲፈልግ ይመጣል፤ ሳይፈልግ ይቀራል። በኛ ቤት «ሾፔሮ» የሚለው የጣልያንኛ ቃል፣ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው፣ ከማንኛውም ቃል ቀድሞ የሚለመድ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጣቢያውም ስለ ባቡሩም አይደለም። ከመካከላችን የሁላችን ታናሽ የሆነችው እህታችን የሕክምና ተማሪ ናት። ባለፈው መጸው በሮም ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የተግባር ልምምዷን ጀመረች። እኛ ስለዚህ ለመጻፍ የፈለግነው ነገሩ የአንድ ቤት ደስታ ብቻ ሆኖ ስላልታየን ነው።

እህታችን በአገር ቤት የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። በአማራ ክልል ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ስትማር ኦገስት 2023 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በ2024 በተማሪነት ቪዛ ወደዚህ ስትመጣ ይዛ የመጣችው የውጤት ወረቀቷን ቅጂ ነበር፤ ዋናው የወጪ መጋራቱ ዕዳ እስካልተከፈለ ድረስ አይሰጥም ተብሎ እዚያው ቀርቷል። በዚህ የተነሣ እዚህ ከአምስቱ ዓመት የተያዘላት ሁለቱ ብቻ ነው፤ ከሦስተኛ ዓመት እንድትጀምር ተደረገ። ልብ ያለው ሰው ያለቅሳል፤ እሷ ግን «አናቶሚን በሦስተኛ ቋንቋ የተማረ ሰው አይረሳውም» ብላ ዝም አለች።

በጣልያን የሕክምና ትምህርት 6 ዓመት ነው። ተማሪው ከመካከለኛዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወደ ሕሙማን ክፍል ይገባል፤ በመጨረሻም በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምናና በቤተሰብ ሐኪም ዘንድ አንድ አንድ ወር የሚመዘንበት ልምምድ አለው። ቀድሞ ከምረቃ በኋላ ለብቻው የሚወሰድ የመንግሥት ፈተና ነበረ። በማርች 2020፣ ወረርሽኙ ሰሜን ጣልያንን ባጨደ ጊዜ፣ በችኮላ በወጣ ድንጋጌ ዲግሪው ራሱ ፈቃድ እንዲሆን ተደረገ። ያው ድንጋጌ በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችና ነርሶች ለጊዜው የተለመደው የዕውቅና ሂደት ሳይጠበቅ እንዲሠሩ በር ከፈተ። ሞት ሲመጣ ቢሮክራሲም ይፈጥናል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በዚህች ቤት የነበረ አንድ ወንድማችን፣ በአገሩ ነርስ የነበረ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ ሣጥን ይሸከም ነበር። ወረቀቱን አሰናድቶ እስኪጨርስ ወረርሽኙ አለፈ፤ ዛሬም ሣጥን ይሸከማል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቤቱ በሙሉ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነሣ። ጋዋኗን የተኮሰላት ሣጥን ተሸካሚው ነርስ ነው፤ ለማንም አልሰጥም አለ። ማታ ስትመለስ ዙሪያዋን ከበን ጠየቅናት። ምን ነገረችን? ገና ምንም ያልሆነች ተማሪ ስትሆን ሕሙማኑ «ዶቶሬሳ» እያሉ እንደጠሯት፣ ዋናው ሐኪም በራውንድ ላይ ሲያልፍ እዚህም እንደ ጥቁር አንበሳ ሰልፉ በማዕረግ እንደሆነ፣ ተማሪ ከኋላ ሆኖ በሰው ትከሻ መካከል አንገቱን እንደሚያሰግግ። ፋሻ የሚለው ቃላችን ከነሱ የመጣ መሆኑን የተረዳችው እዚያ ነው። ሌላም ያሳቃት ነገር ነበር። እኛ «ብርድ መታኝ» ስንል የአገራችን ዘመናዊ ሐኪሞች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ይህ በሽታ አይደለም ይሉናል። አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ግን አንገታቸውን ይዘው «ኮልፖ ዳሪያ» አሏት። ፍቺው ነፋስ መታኝ ነው። ልዩነቱ እዚህ ማንም ፊቱን አለማጨማደዱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የሆነው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከድንገተኛ ክፍል ተጠርታ ሄደች፤ በሐኪምነት ሳይሆን በአስተርጓሚነት። የደረት ውጋት ይዞት የመጣ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ወረቀት የሌለው ሰው ነበር። ዕድሜው የአባቷ ያህል ነው። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ስትጠጋው አገሩን በድምፅዋ አወቀና መጀመሪያ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፈራ። ስለ ደረቱ ከመናገሩ በፊት «ልጄ፣ ስሜን ለማን ነው የምትሰጪው?» ሲል ጠየቃት።

ከዚህ ላይ ለአገር ቤት አንባቢዎቻችን ሕጉን እናብራራ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጣልያን የኢሚግሬሽን ሕግ በ35ኛው አንቀጹ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የውጭ ሰው አስቸኳይና መሠረታዊ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ወደ ሆስፒታል መምጣቱ ለፖሊስ እንዲጠቆም ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። ለዚህም ለስድስት ወር የሚያገለግልና የሚታደስ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። በ2009 የዚያን ጊዜው መንግሥት ይህን ክልከላ ሊያነሣው ሞክሮ፣ በሴኔቱ በኩል እስከማሳለፍ ደርሶ ነበር። የአገሩ ሐኪሞችና ነርሶች «ሰላዮች አይደለንም» ብለው ተነሡ፤ በመጨረሻ በጁላይ የጸደቀው የጸጥታ ሕግ ያንን ክፍል ሳይዝ ወጣ። እኛ ጣልያንን በብዙ ነገር እንከሳታለን፤ የጣቢያውን መዘጋት አይተናል፣ በኦገስት 2017 በሮም ነጻነት አደባባይ የእኛና የኤርትራውያን ወገኖቻችን በውሃ መድፍ መባረራቸውን አንረሳም። ይህን ግን አለመመስከር ነውር ነው። እነዚያ ሐኪሞች የተሟገቱት ለእኛ ነበር፤ አብዛኞቻችን በጊዜው ወሬውንም አልሰማንም።

እህታችን ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገረችው። ሰውየው ሸሚዙን ገለጠ። ከግራ ጎኑ በኩል የዳነ፣ የቆየ የጥይት ጠባሳ ነበር። አብሯት የነበረው ሐኪም «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ በእርጋታ ጠየቀ፤ መልሱን ሰማ፤ በካርዱ ላይ ይጻፍ ብሎ ወደ ልብ ምርመራው አለፈ። እሷም ጻፈች። «የቆየ የጥይት ቁስል፣ ግራ ጎን።» እጇ እንደተንቀጠቀጠ የነገረችን ዘግይታ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የዚህን ቃል መጻፍ ያህል ቀላል ነገር ምን ያንቀጠቅጣል ለምትሉ፣ ከመምጣቷ በፊት የሆነውን መናገር ግድ ይለናል።

በአገር ቤት ተመድባ ትማርበት በነበረው ሆስፒታል፣ ስሙን አንጠራውም፣ አንድ ሌሊት የደንብ ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች ወደ ሕሙማን ክፍል ገብተው በጥይት የቆሰሉትን ካርድ አምጡ አሉ። ተረኛው ሬዚደንት አንደኛው ታካሚ ከአልጋው ሊነሣ እንደማይችል ተናገረ። ታካሚውም ሬዚደንቱም ተወሰዱ። ሬዚደንቱ ከ11 ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ታካሚው አልተመለሰም። ከዚያች ሌሊት በኋላ በዚያ ክፍል ካርድ ላይ «ጥይት» የሚል ቃል መጻፍ ቀረ። «ወድቆ» ተብሎ ይጻፋል። «ከዛፍ ወድቆ»፣ «ከጣሪያ ወድቆ»፣ «ደረጃ ላይ ወድቆ»። ያንን ካርድ እያየ የሚያክም ቀጣዩ ተረኛ በጆሮው ካልተነገረው በቀር በሥጋ ውስጥ ብረት መኖሩን አያውቅም። እህታችን አምስተኛ ዓመት ላይ የተማረችው ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር፤ የበሽተኛውን ታሪክ አዛብቶ መጻፍ።

ይህ የአንድ ሆስፒታል ታሪክ ቢሆን ኖሮ አንጽፈውም ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጁላይ 2024 ባወጣው ዘገባ በአማራ ክልል የመንግሥት ኃይሎች በጤና ባለሙያዎች፣ በሕሙማንና በሕክምና ተቋማት ላይ የፈጸሙትን በዝርዝር አስፍሯል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በማርች 2021 ስለ ትግራይ እንደገለጸው፣ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው፣ በወጉ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኦሮሚያ ተቃውሞ ጊዜም፣ በ2016፣ የቆሰሉ ወጣቶችን ያከሙ ባለሙያዎች መዋከባቸው ተመዝግቧል። ሦስት ክልል፣ ሁለት መንግሥት። ጠመንጃ የያዘው ወገን ስሙ ይለዋወጣል፤ የሚገፈተረው የሕሙማን ክፍል በር ግን ያው ነው። አንዳንድ አንባቢዎቻችን ከእነዚህ ከሦስቱ የራሳቸውን አንዱን ብቻ መርጠው እንደሚያነቡ እናውቃለን። እባካችሁ ሦስቱንም አንብቡ።

ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1935 በደቡብ ግንባር፣ በመልካ ዲዳ፣ የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል በጣልያን አውሮፕላኖች ተደበደበ፤ ድንኳኑ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ነበረበት። የዚያ ግንባር አዛዥ ግራዚያኒ ነው። በ2012 ከሮም ብዙም በማትርቀው በአፊሌ ለዚሁ ሰው መታሰቢያ ሲሠራለት እኛ ወጥተን ጮኸናል፤ ልክ ነበርን። ነገር ግን ዛሬ በዚያው በግራዚያኒ አገር ሆስፒታል ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ጠባሳውን ሳይፈራ ሲያሳይ፣ በራሱ አገር ሆስፒታል ግን «ወድቄ ነው» እንዲል ሲገደድ፣ ጩኸታችን ወደየት ይሂድ?

ከባሕር ማዶ ተምሮ ሐኪም የሆነ ኢትዮጵያዊ ታሪክ በአገራችን የተጀመረው በስደት ነው ማለት ይቻላል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በ1868 በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው፣ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 የተመረቁ፣ በስኮትላንድም ያጠኑ ሰው ናቸው። ከአድዋ በኋላ አገራቸውን ሊያክሙ ተመለሱ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሉባቸው። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ደግሞ አባታቸውን በዚያው ፍጅት ያጡ፣ በኤዲንብራ የተማሩ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ተመልሰው የሕክምና ፋኩልቲውን በዲንነት መሩ፤ በ1993 ከ40 ከሚበልጡ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ ከ1994 ጀምሮ ታሰሩ፤ ሕመማቸው ከጸና በኋላ ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲወጡ ቢፈቀድም በሜይ 1999 በፊላደልፊያ ዐረፉ። የስንቱን ሆድ ከፍተው ያዳኑ ሐኪም፣ ራሳቸው ታመው ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ የገዥዎችን ፈቃድ ጠበቁ።

በቤታችን ብዙ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። እህታችን ስትጨርስ ትመለስ ወይስ ትቅር? ትመለስ የሚሉት አገሩ ሐኪም የለውም ይላሉ፤ እውነት ነው። ትቅር የሚሉት በሜይ 2025 የሆነውን ይጠቅሳሉ። የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ብዙዎቹ ታሰሩ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሐኪም የቤት ኪራይ መክፈል ካልቻለና አልቻልኩም ሲል እስር ቤት ከገባ፣ «የአእምሮ ፍልሰት» እያሉ ሐኪሙን መውቀስ ቅጥፈት ነው። የሚፈልስ አእምሮ አይደለም፤ የሚባረር ሰው ነው። እኛ በዚህ ክርክር የማንም ወገን መሆን አልፈለግንም። የታዘብነው ግን አለ። እሷ ስለ ደመወዝ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጥይት ብዬ መጻፍ እችላለሁ?»

ስለዚያ ሰውዬ ስትነግረን እኛ እንደ አበሻ ወጉ ወሬ ጠማን። ስሙን ጠየቅናት። «የኔ አይደለም» አለች። አገሩስ፣ ማለትም ከየትኛው ክልል ነው? እንደምታውቁት ዛሬ ዛሬ ስደተኛ ሲተዋወቅ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቀጥታ ባይጠይቅ እንኳ በአነጋገሩ ይለካል። አልነገረችንም። «ማን ተኮሰበት?» አልን፤ መንግሥት ይሁን ታጣቂ፣ የትኛው ጦርነት እንደሆነ ለማወቅ። «ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅነው እንጂ ማን እንደተኮሰ አልጠየቅነውም» ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ሰውየው ታሪኩ ይጻፍ፣ ስሜ ግን አይጻፍ ብሎ የፈቀደላት በኋላ፣ ሊወጣ ሲል ነው፤ እኛም ከዚህ በላይ የምናውቀው የለም። ልቡ ደህና ነበር። የደረቱ ውጋት በሮማኒና በኩል፣ ስደተኞች ከ2006 ጀምሮ በሰፈሩበት በቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ፣ ወለል ላይ ሲተኛ የያዘው የጡንቻ ሕመም ሆነ። መድኃኒቱን ይዞ፣ ቁጥሩን ይዞ፣ በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የክፍሉ ዋና ነርስ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ ሕሙማን የሚሉትን ለመረዳት የሚያግዝ የቃላት ዝርዝር፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ፣ ድምፁ በጣልያን ፊደል ተጽፎ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ። እህታችን አማርኛውን ልትጽፍ ትችላለች። ለቀሩት ሁለቱ ወደ ቤታችን መጣች።

በቤታችን ትግርኛ ተናጋሪው ያ ጋዋን ተኳሹ ነርስ ነው። ኦሮምኛውን የምታውቀው ከአርሲ የመጣችው እህታችን ናት፤ እርሷ ከሁሉም ጋር ትነጋገራለች። ችግሩ አማርኛውን እናስተካክል ብሎ ሳይጠሩት የመጣው፣ የወሎው ወንድማችን ነበር። እርሱና ነርሱ ከኖቬምበር 2020 ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ የባቡር ቲኬት እየተበዳደሩም ቢሆን፣ ከ«ደህና ዋልክ» በቀር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። የአንዱ አጎት በጦርነቱ ሞቷል፤ የሌላው ቤት ተዘርፎ እናቱ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። እንዲታረቁ ሽማግሌ የሆነ የለም፤ እኛም ደክሞን ትተነው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አራቱም በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። «ሕመም» ብለው ጀመሩ፤ በትግርኛ «ሕማም»፣ በኦሮምኛ «ዱኩቢ»። «ራስ ምታት» ቀለለ። «ቁርጥማት» ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀ፤ መገጣጠሚያ ነው ወይስ አጥንት ነው የሚለው አከራከረ። «ምች» ከተባለው ጋር ሲደርሱ ነርሱ ይህ በዝርዝሩ አይግባ፣ ጣልያኖቹ አይገባቸውም አለ። የወሎው ወንድማችን ደግሞ እናቱ በምች አልጋ ላይ ወድቀው እንደነበረና ዳማከሴ እንዳዳናቸው እየማለ፣ ይግባ አለ። ድምፃቸው ከፍ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ያልተሰማ ጩኸት ነበር፤ እኛ ከሳሎን ሆነን ቴሌቪዥኑን ቀነስነው።

ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት ከእህታችን ጋር በባቡር ሄደ። 41 ቃል አለው። ምች አልገባም፤ የወሎው ልጅ ግን በሚቀጥለው እትም ይገባል ብሎ ነርሱን ዝቷል።